መጽሐፉ የት አለ? ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቤተ መጻሕፍት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ ኤአይ የምንለው ነገር፣ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነና ምን እንደማይሆንለት ይመለከታል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አጠገባችሁ አድርጉ፤ ወደ መጨረሻው ላይ ለተማሪዎች የሚሆን ነገር አለ።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ቺካጎ ሰን ታይምስ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ በዕረፍት ወራት ቢነበቡ መልካም ነው ያላቸውን 15 መጻሕፍት ዘርዝሮ አወጣ። ከደራሲዎቹ መካከል ስመ ጥሮች አሉ፤ ኢዛቤል አየንዴም ከነሱ አንዷ ናት። የእያንዳንዱ መጽሐፍ ታሪክ ባጭር ባጭሩ ተነግሯል፤ አንብቡኝ አንብቡኝ ይላል። ጉዱ ከ15ቱ መካከል 10ሩ ጭራሹን የሌሉ መጻሕፍት መሆናቸው ነበር። ስማቸው የተጠቀሰው ደራሲዎች አልጻፏቸውም፤ ያሳተማቸውም የለም። ዝርዝሩን ያጠናቀረው ሰው በኤአይ እንዳሠራውና ሳያጣራ እንዳቀበለ በኋላ አምኗል።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲወጣ ጣጣው የሚያርፈው ቤተ መጻሕፍት ላይ ነው። አንባቢው ጋዜጣውን ይዞ ይመጣል። ባለሙያዋ ካታሎጓን ታያለች፤ የለም። የሌሎችን ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ትከፍታለች፤ የለም። የአሳታሚውን ዝርዝር ታገላብጣለች፤ እዚያም የለም። ያለን መጽሐፍ አለ ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃል። የሌለውን የለም ብሎ ለመማል ግን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ አንባቢውም «በጋዜጣ ወጥቷል እኮ!» ማለቱ አይቀርም።

ማሽኑ ይህን የሚያደርገው ለምንድን ነው? ቻትጂፒቲና እሱን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግበው፣ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ይመጣል የሚለውን መገመት የተማሩ ናቸው። ግምታቸው ያስደንቃል። ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ረጅሙን ያሳጥራሉ፣ ይተረጉማሉ። «የአየንዴን አዲስ ልብ ወለድ ንገረኝ» ሲባሉም የአየንዴን ርእሶች የሚመስል ርእስ ያመጣሉ። መምሰሉ ነው እንግዲህ የሚያሳስተው። መደርደሪያ ሄደው አላዩም፤ ካታሎግም አልገለጡም። ከካታሎግ ወይም ከኢንተርኔት ፍለጋ ጋር የተያያዙት በእርግጥ ይሻላሉ፤ ነገር ግን እነሱም ቢሆኑ ያገኙትን አዛብተው የሚያቀርቡበት ጊዜ አለ። ነገሩ የልብ ወለድ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ከቻትጂፒቲ ያገኙትን፣ ከቶ ያልተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ እየጠቀሱ ማመልከቻ በማስገባታቸው ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጥተዋቸዋል።

በቤተ መጻሕፍት ዓለም ግን ከድሮ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አለ፤ መጽሐፉ የት አለ? በእኔ እምነት ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ ማንኛውም ኤአይ መመዘን ያለበት በዚህችው ጥያቄ ነው። የሚሰጠን መልስ በመጨረሻ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ ገጽ ድረስ ካላደረሰን ወሬ ብቻ ነው።

በዚህ ሚዛን ተመዝነው የሚያልፉ ሥራዎች አሉ። የፊንላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2017 አኒፍ የሚባል ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ጥቅሙን ለመረዳት የካታሎግ ባለሙያን ሥራ ማወቅ ይጠይቃል። ስለ ቡና በሽታ የተጻፈ መጽሐፍ ሲመጣ ባለሙያው ርእሱንና ደራሲውን ብቻ መዝግቦ አይለቀውም። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ከተወሰነ የቃላት ዝርዝር መርጦ ያስቀምጣል፤ «ቡና»፣ «የዕፅዋት በሽታ»፣ እንዲሁም ጥናቱ የተካሄደበትን ቦታ። ዝርዝሩ የተወሰነ መሆኑ ግድ ነው፤ አለዚያ አንዱ «ቡና» ሲል ሌላው «የቡና ተክል» ይልና ፈላጊው ግማሹን ብቻ አግኝቶ ይሄዳል። አኒፍ ባለሙያዎች ቀደም ብለው ከመዘገቧቸው መጻሕፍት ተምሮ፣ አዲስ ጽሑፍ ሲሰጡት ቃላቱን ይጠቁማል። መጠቆም ነው እንጂ መወሰን አይደለም። በፊንላንድ ዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያስገባ ፕሮግራሙ ቃላት ያቀርብለታል፤ ተማሪው የሚስማማውን መርጦ የማይስማማውን ይጥላል። ፕሮግራሙ በነፃ የተለቀቀ ስለሆነም የጀርመን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጭምር ሠርቶበታል።

የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ወደ 23,000 በሚጠጉ ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ላይ እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ፈትኗል። ርእስንና ደራሲን ለቅሞ በማውጣት በኩል ማሽኖቹ ደህና ሠሩ። መጽሐፉ ስለ ምን ነው በሚለው ላይ ግን ብዙ ቀራቸው። ይህ የሚገርም አይደለም፤ ርእስ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል፣ ስለ ምን እንደሆነ ግን አንብቦ የሚያውቅ ነው የሚናገረው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ፤ ነገሩ የሚጥመውም የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ትብብር፣ የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በጠቅላላው ከ9,000 የሚበልጡ ብራናዎች ተነሥተዋል። ከዚያ በኋላ ካታሎግ ማዘጋጀቱ መጣ። ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የደከሙበት ካታሎግ 10 ቅጽ ሆኖ ሲወጣ፣ የሸፈነው 5,000 ያህሉን ብራና ነው። ካሜራው ሮጠ፤ አንባቢው ሊደርስበት አልቻለም። አንድ ብራና መግለጽ ማለት ሽፋኑን አይቶ «ተአምረ ማርያም» ብሎ ማለፍ አይደለም። ስንት ተአምር አለበት? የየትኛው ንጉሥ ስም ተጠርቷል? በባዶው ቅጠል ላይ፣ ከጸሎቱ ጋር የማይገናኝ፣ እገሌ ለእገሌ መሬት ሰጠ የሚል ውል ተጽፎ ይሆን? እንዲህ ያለ ማስታወሻ ለታሪክ ጸሐፊ ከዋናው መጽሐፍ በላይ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ፕሮፌሰር ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ከዚህ ሥራ አልራቁም። እንደሳቸው ያለ ሊቅ በየዓመቱ የሚፈልቅ አይደለም።

እንግዲህ የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ማሽን ሊያግዝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ትራንስክሪቡስ የሚባል ፕሮግራም አለ። የግእዝ ሊቃውንትም፣ በጀርመን ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ብራናዎች የሚያጠኑት ጭምር፣ ሠርተውበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የገጹ ፎቶግራፍ ይገባል። ማሽኑ ዓምዱን ከዓምድ፣ መስመሩን ከመስመር ይለያል። ቀጥሎ ግእዝ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ገጾችን ፊደል በፊደል ይገለብጥለታል፤ ማሽኑ ፎቶውን ከግልባጩ ጋር እያስተያየ ይማራል። ከዚያ በኋላ ያላየውን ገጽ ራሱ ይሞክራል።

ላቲኖቹ 26 ፊደል ነው ያላቸው። እኛ ከነእርባታው ከ200 በላይ አለን፤ ብዙዎቹም በአንዲት ጭረት ብቻ የሚለያዩ። የፀሐዩን ፀ አስቡት። ክብ ናት፤ በመካከሏ ሰረዝ ታልፋለች። ብራናው ታሽቶ ያቺ ሰረዝ ከደበዘዘች የቀረው ዐይኑ ዐ ነው። ጨም ከጠ የሚለይበትን ምልክት ካጣ ጠ ይሆናል። ቁም ጸሓፊው የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ በጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም ላይ ግን ቀዩ ቀይ መሆኑ ይቀራል። ደብተራ ቢሆን በንባቡ ይጠግነዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ። ማሽኑም በመጠኑ ይህን ተምሯል፤ ችግሩ አንዳንዴ ሳይታየው ይጠግናል።

ትንሽ ስሌት እንሥራ። ማሽኑ ከ100 ፊደል 95ቱን በትክክል አነበበ እንበል። በጆሮ ሲሰማ ጥሩ ነው፤ በፈተና 95 ያመጣን ልጅ እንሸልማለን። ነገር ግን አንድ ቃል 4 ፊደል ያህል ቢኖረው፣ ስህተቱም ተበታትኖ ቢወድቅ፣ ከ5 ቃል አንዱ ገደማ የተበላሸ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለቅዳሴ አይሆንም፤ ታርሞ ካልሆነ ለኅትመትም አይበቃም። ለፍለጋ ግን ይበቃል! «ዘርአ ያዕቆብ» የሚለው ስም በአንድ ብራና ውስጥ ሃያ ቦታ ቢጻፍና ማሽኑ በስድስቱ ቢስት፣ በ14ቱ ያገኘዋል። ተመራማሪው ደግሞ ገጹን ከፍቶ በዓይኑ ያነባል። መጽሐፉ የት አለ ለሚለው ጥያቄ ማሽኑ የሚሰጠው መልስ ይኼ ነው፤ በዚህ ገጽ ላይ ያለ ይመስለኛል፣ ሂድና እይ።

ከብራና ወጥተን ወደ ታተሙት የአማርኛ መጻሕፍት ስንመጣ ሦስት ነገሮች ማሽኑን ያደናግሩታል። ሦስቱንም እኛ ከልጅነታችን ስለምናውቃቸው ችግር መሆናቸውን እንኳ አናስተውልም።

አንደኛው ሞክሼ ፊደል ነው። ሬዲዮ ስለሆነ በስማቸው ልጥራቸው፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። የመጀመሪያውን ፊደል በሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል። ሁለተኛው ደግሞ ሦስቱ ሀዎች በግእዝም በራብዕም አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ ስድስት መልክ አለው። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12። አንዲት ቃል በ12 መልክ! ካታሎጉ በአንዱ ቢመዘግብና አንባቢው በሌላው ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ «አልተገኘም» ይላል፤ መጽሐፉ ግን ከአጠገቡ ተደርድሯል። ልብ በሉ፣ ይህን ለማስተካከል ኤአይ አያስፈልግም። ሲፈለግ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ የሚቆጥር፣ ሲታይ ግን የደራሲውን አጻጻፍ የሚያከብር ቀላል ደንብ ይበቃል። ቀላሉ ሳይሠራ ወደ ትልቁ መሮጥ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ስም ነው። ሀዲስ አለማየሁ የሚባሉት ደራሲ ሀዲስ ናቸው፤ አለማየሁ አባታቸው ነው። በፈረንጅ ስም የተማረ ማሽን ግን የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ «አለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ ይገለብጠዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ላይ ሲደርስ ደግሞ የባሰ ነው። ብላቴን ጌታ ማዕረግ መሆኑን አያውቅም፤ ወልደ ሥላሴ አንድ ስም መሆኑንም አያውቅም፤ ደራሲውን «ሥላሴ» ብሎ መዝግቦት ቁጭ ይላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ እኚሁ ሰው በየካታሎጉ የተለያየ አጻጻፍ ይዘው፣ ብዙ ሰው መስለው ይታያሉ። ማሽን እነዚህን ሁሉ አጻጻፎች ሰብስቦ «አንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ ቢያቀርብልን ውለታ ነው፤ አዎ ወይም አይደለም የሚለው ግን የሚያውቃቸው ሰው ይሁን።

ሦስተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የታተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። ማሽኑ «ዓ.ም.» የምትለዋን ምልክት ዘልሎ 1975ን እንደ አውሮፓውያኑ ቢወስደው፣ መጽሐፉ በ1974 ዓ.ም. የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከመከናወኑ ሰባት ዓመት ያህል አስቀድሞ የተረከ ነቢይ ይሆናል። ይህን ለእኛ መናገር ያስቃል። መረጃው ግን አንዴ በስህተት ከገባ ከካታሎግ ወደ ካታሎግ ይገለበጣል፤ ሌላ ማሽን ደግሞ ከዚያ ይማራል። አሥር ቦታ ተገኘ ማለት እውነት ነው ማለት ይመስላል፤ ምንጩ ግን አንድ ስህተት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ኤአይ አማርኛ ላይ የሚደክመው ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁ። ዋናው ምክንያት የሚማርበት ጽሑፍ ማነሱ ነው። አማርኛ ጽሑፍ አጥቶ አይደለም፤ ጽሑፉ ያለው ወረቀት ላይ ነው። እዚህ ላይ ኖርዌይን ማየት ይጠቅማል። ሕዝቧ ከ6 ሚሊዮን በታች የሆነ አገር ናት። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቷ ግን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ስብስቡን በሙሉ ወደ ዲጂታል ለመለወጥ ተነሣ፤ የመብት ባለቤቶች ክፍያ የሚያገኙበትን ስምምነትም አብሮ አበጀ። በተሰበሰበው ጽሑፍና ድምፅ የኖርዌይኛ የቋንቋ ሞዴሎችን ያሠለጠነው ያው ቤተ መጻሕፍት ነው። ቋንቋቸውን ለማሽን ያስተማረው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

እኛም በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለን፤ ዛሬም ብዙዎቻችን ወመዘክር እያልን የምንጠራው። በአገሪቱ ከሚታተመው ሁሉ ቅጂ ለዚህ ተቋም ማስገባትም በሕግ የተደነገገ ነው። ስለዚህ ጥሬ ዕቃው በአንድ ቤት አለ። የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ የአማርኛ መጻሕፍት ለማሽን የሚቀርቡ ከሆነ በቴሌግራም ተሰባብረው ከተሰራጩ ቅጂዎች ሳይሆን፣ ዓመቱና አሳታሚው ከሚታወቅበት ከዚህ ስብስብ፣ ደራሲው ወይም ወራሾቹ ተጠይቀውና ተከፍሏቸው መሆን አለበት። ያለ ፈቃድ መውሰድ በመጽሐፍም በማሽንም ያው መውሰድ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ባጭሩ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒዩተር ጥቃት ደርሶበት ዋናው ካታሎጉ እስከ ተከታዩ ጥር ድረስ ከአገልግሎት ውጭ ነበር። ያን ያህል አቅም ያለው ተቋም ይህ ከደረሰበት፣ የካርድ ካታሎጉን «አሁን ኮምፒዩተር አለን» ብሎ የሚጥል ቤተ መጻሕፍት ቆም ብሎ ቢያስብ ይሻላል። ሌላው የአንባቢ ምስጢር ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ማን ምን እንዳነበበ አያወራም፤ የሙያው ሥነ ምግባር ነው። ስለ ሕመማችሁ ወይም ስለ ችግራችሁ መጽሐፍ ስትፈልጉ ጥያቄውን ለውጭ ኩባንያ ማሽን ከሰጣችሁት ግን ማን እንደሚያነበው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ። የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ልጆች፣ ኤአይን አትንኩ አልላችሁም። «ስለዚህ ጉዳይ ስፈልግ በምን በምን ቃል ልፈልግ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ይህን አሳምሮ ይችላል። የከበዳችሁን የእንግሊዝኛ አንቀጽ እንዲያስረዳችሁ ስጡት። «ማጣቀሻ ዘርዝርልኝ» ስትሉት ግን ያመጣውን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ማስረጃ አትቀበሉት። እያንዳንዱን ርእስ በደራሲው፣ በአሳታሚውና በዓመቱ ካታሎግ ላይ ፈልጉ፤ ሞክሼ ፊደሉን እየቀያየራችሁ። ካጣችሁት ተስፋ ሳትቆርጡ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ጠይቁ። እሷም ካጣችው፣ መጽሐፉን በእጃችሁ ሳትይዙ፣ ገጹን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ በጽሑፋችሁ ውስጥ አትጥቀሱት። አማካሪያችሁ ስህተቱን ባያገኘውም ከዓመታት በኋላ ሌላ ተማሪ ፈልጎ ሲያጣው ስማችሁን ያነሣል።

ለቀራችሁት አድማጮች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ የአባት፣ የአያት አሮጌ መጻሕፍትና የእጅ ጽሑፎች አሉ። ብዙ ሰው ዛሬ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጣቸዋል፤ መልካም ነው። ስታነሡ ግን የውስጡን ብቻ አታንሡ። ሽፋኑን፣ ማተሚያ ቤቱና ዓመተ ምሕረቱ ያለበትን ገጽ፣ ዳር ላይ በእጅ የተጻፈውን ማስታወሻ ጭምር አንሡ፤ መጽሐፉ የማን እንደነበረና አሁን የት እንደሚገኝም አብራችሁ ጻፉ። ያለዚህ ነገር ማሽንም ሆነ ሊቅ ሊያግዛችሁ አይችልም።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)